ከአርሲ ጨፌዎች ሥር የተቀመጠ ማህደር

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ቁጭ በሉ።

አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር «ቲቸር፣ የዛሬ መቶ ዓመት ከአገራችን 40 በመቶው ደን ነበር የሚባለው እውነት ነው ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። ይቺን ቁጥር የማያውቃት የለም። ችግኝ ሲተከል ትነገራለች፣ ፖስተር ላይ ትጻፋለች፣ ፈተና ላይ ትመጣለች። «ማን ቆጠረው?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ብዙም አላጋጠመኝም። በዚያ ዘመን የአገሪቱን ደን የለካ ቀያሽ አልነበረም፣ አውሮፕላንም ሳተላይትም አልነበረም። ታዲያ ያለፈውን ደን እንዴት ነው የምናውቀው?

መልሱ አንድ መስመር ይበቃው ነበር። ነገር ግን የመልሱ ትልቁ ክፍል የተቀመጠው እኛው አናት ላይ፣ ከአሰላ በላይ ባሉት ተራሮች ጨፌ ውስጥ ስለሆነ በዚያ በኩል አዙሬ ልመልስለት።

አሰላ ያደጋችሁ መንገዱን ታውቁታላችሁ። ከከተማው ወጥታችሁ ወደ ጭላሎ ሽቅብ ስትሉ መጀመሪያ ባሕር ዛፍ ነው፣ ቀጥሎ ገብስ፣ አሁንም ገብስ። ከዚያ እዚህም እዚያም የቀረ ኮሶና ጥድ። ከፍ ሲል አስታው ይጀምራል። ያ በነፋስ የተጎሳቆለ፣ ግንዱ ላይ ሽበት የመሰለ ነገር የተንጠለጠለበት ቁጥቋጦ። ከእሱ በላይ ጓሳው፣ ቀጥሎ ጅብራው ብቻውን ቆሞ ታዩታላችሁ። ባዳም ላይ፣ እንቆሎም ላይ፣ ካካም ላይ ያው ነው፤ ጭላሎን ጨምሮ እነዚህ ሁሉ ጫፋቸው ከ4000 ሜትር ይበልጣል። እዚያ ላይ በየጉድባውና በየሸለቆው ራስ ጨፌ አለ። ስትረግጡት መሬቱ እንደ ፍራሽ ይወርድና ይነሣል። ተማሪ ይዤ ስወጣ በዚህ የማይስቅ ልጅ አልነበረም። አንድ ጊዜ ከብት የሚጠብቁ አዛውንት በሩቁ ጮኸው ከለከሉን። «ኧረ ልጆቹን መልስ! ላም ከነቀንዷ ውጧል» አሉኝ። ላሟን አላየኋትም፤ ጨፌው ሊውጣት እንደሚችል ግን አልተጠራጠርኩም።

ከዚያ ጨፌ ሥር ያለው ጥቁር ነገር ተራ ጭቃ አይደለም። ቅዝቃዜ ባለበትና ውኃ በማይሸሽበት ቦታ የሞተ ሣርና ቀጤማ በደንብ አይበሰብስም። አየር አያገኝማ! የሚያበሰብሱት ተዋሕስያን ሥራ ይፈታሉ። ስለዚህ የዘንድሮው ሣር በዓምናው ላይ፣ የዓምናው በካቻምናው ላይ እየተነባበረ ይከማቻል። ሳይንቲስቶቹ ፒት ይሉታል። አየርላንዶች እየቆረጡ፣ እያደረቁ እንደ ኩበት ሲያነዱት ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1950 ዴንማርክ ውስጥ ፒት ሲቆርጡ የነበሩ ሰዎች የሰው አስከሬን አገኙና ሰሞኑን የተገደለ ነው ብለው ለፖሊስ አመለከቱ። ሰውየው ከ2000 ዓመት በላይ የቆየ ሆኖ ተገኘ፤ የአገጩ ጢም ሳይቀር ይታይ ነበር። ጨፌ ማስቀመጥ ያውቅበታል ማለት ነው።

ከሰው አስከሬን ይልቅ ግን ለታሪክ የሚጠቅመው በዓይን የማይታየው ነገር ነው፤ የአበባ ብናኝ። አንዷ ፍሬ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ እንኳ ታንሳለች። ቅርፊቷ ግን ጉድ ነው፤ አሲድ የማይበግረው። በየዓመቱ በአካባቢው ያለው ዛፍና ሣር ሁሉ ብናኙን ይበትናል፣ ነፋስ ያመጣዋል፣ ጨፌው ላይ ያርፋል፣ ይቀበራል። ታችኛው ንብርብር ላይ የጥድ ብናኝ በዝቶ፣ ላይኛው ላይ ከጠፋና ሣር ከተካው፣ በመሃል ጥዱ ሄዷል ማለት ነው።

ይህን ማንበብ የጀመሩት ስዊድኖች ናቸው። ሌናርት ፎን ፖስት የሚባል ጂኦሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1916 ከአገሩ ጨፌዎች ያወጣውን ብናኝ ቆጥሮ በሥዕላዊ ሰንጠረዥ አቀረበና ሙያው ከዚያ ተወለደ። እኔን የሚገርመኝ እኛና ስዊድን ያለን ነገር ነው። አሰላ ስዊድንን የምታውቀው በካዱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1967 በተጀመረው የጭላሎ እርሻ ልማት፣ በማዳበሪያው፣ በምርጥ ዘሩ፣ በወተት ላሙ። ከዚያ በፊት ደግሞ ኤሪክ ኒልሰን የተባለ ሌላ ስዊድናዊ ስለ ምሥራቅ አፍሪካና ስለ ኢትዮጵያ የጥንት አየር ንብረት፣ ስለ ድሮዎቹ ሐይቆችና በረዶዎች ጽፏል፤ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1940 ነው የወጣው። አንዱ ስዊድን ወደፊት ገብሳችን እንዲያፈራ፣ ሌላው ወደኋላ ተራራችን ምን እንደነበረ።

ሥራው እንዴት ነው ለምትሉኝ፤ መጀመሪያ ረጅም የብረት ዘንግ ነው። ጫፉ ላይ የሚከፈትና የሚዘጋ ጎድጓዳ ቢላ አለው። ጨፌው ውስጥ ይሰኩታል፣ ያዞሩታል፣ ግማሽ ሜትር ያህል ጥቁር ፒት እንደ ሙዝ ተጠቅልሎ ይወጣል። ዘንግ እየቀጠሉ ወደ ታች፣ ወደ ታች፣ ድንጋይ እስኪነካ። ሞተር የለም፤ የሰው ክንድ ነው። በ4000 ሜትር ከፍታ ላይ፣ አየሩ በሳሳበት። ከዚያ በየተወሰነ ሴንቲሜትሩ ቁራጭ ይወሰድና ቤተ ሙከራ ገብቶ በኬሚካል ይታጠባል። የተረፈው በአጉሊ መነጽር ሥር ይቆጠራል፤ ለአንዷ ቁራጭ መቶዎቹን ፍሬ፣ አንድ በአንድ። የዝግባ ብናኝ ሁለት ክንፍ የመሰለ የአየር ከረጢት አለው፤ በነፋስ ከሩቅ ይመጣል። የአስታ አራት አራት ሆኖ ተጣብቆ ይገኛል። የሣር ድቡልቡል ናት፣ አንድ ቀዳዳ ብቻ ያላት። ዕድሜው ደግሞ በራዲዮካርቦን ይለካል፤ ካርቦን 14 በየ5730 ዓመቱ በግማሽ እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ የቀረውን ለክቶ ተክሉ መቼ እንደሞተ ማስላት ይቻላል።

ወደ አርሲ እንመለስ።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች ባዳ ተራራ ላይ የበረዶ ግግር አሻራ መኖሩን ጻፉ። አዎ፣ የበረዶ ግግር፣ እዚሁ በቆጂ አናት ላይ። ግግር በረዶ ሲንሸራተት ድንጋይና አፈር እየገፋ ይሄዳል፤ ሲቀልጥ የገፋውን እንደ ካብ ጥሎት ይቀራል። ባዳ ላይ እነዚህ ካቦች ዛሬም አሉ። ተማሪዎቼ ተቀምጠው ዳቦ የበሉባቸው ጉብታዎች እነሱ ናቸው። ከተራራው ጨፌ የወጣውን ብናኝ ያጠናው አለን ሐሚልተን ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1982 ስለ ምሥራቅ አፍሪካ የአካባቢ ታሪክ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ አካትቶታል። የጨፌው ታችኛው ጫፍ ከ11 ሺህ ዓመት በላይ ያስቆጥራል። ጨፌ በበረዶ ሥር አይበቅልም፤ ስለዚህ በዚያን ጊዜ በረዶው ከቦታው ለቅቆ ነበር ማለት ነው። ድንጋዩ ካልተናገረ ጭቃው ይናገራል።

እ.ኤ.አ. በ2021 ከስዊዘርላንዱ በርን ዩኒቨርሲቲ የመጡ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው የባሌንና የአርሲን ግግር በአዲስ ዘዴ ሲለኩ በረዶው የሰፋው ከ42 ሺህ እስከ 28 ሺህ ዓመት በፊት ባለው ጊዜ መሆኑን አገኙ። የሁለቱም ተራሮች በረዶ ሲደመር ወደ 350 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይደርስ ነበር። የአየሩ ሙቀትም ከዛሬው በ4 እና በ6 ዲግሪ መካከል ያነሰ ነበር ብለው ገምተዋል። ይህን ሳነብ የቡሩንዲው የካሺሩ ጨፌ ትዝ አለኝ። እዚያ የተቆጠረ ብናኝ እ.ኤ.አ. በ1990 ተመሳሳይ ነገር ተናግሮ ነበር፤ በበረዶው ዘመን ሙቀቱ 4 ዲግሪ ገደማ ዝቅ ያለ እንደነበር። አንዱ ከድንጋይ፣ ሌላው ከአበባ ብናኝ፣ በሁለት አገር። እንዲህ ሲገጥም ነው ሳይንስ ደስ የሚለው።

የቡሩንዲውን ጥናት የመሩት ፈረንሳዊቷ ሬሞንድ ቦንፊ ናቸው። እኚህ ሴት ለኛ ባዳ አይደሉም። የአዋሽና የኦሞ ሸለቆን የጥንት ብናኝ ከ1960ዎቹና ከ70ዎቹ ጀምሮ ሲቆጥሩ ኖረዋል። እዚሁ ጎረቤታችን ገደብ ሜዳ ላይ የተገኘውን ጥናታቸውን እ.ኤ.አ. በ1983 አውጥተው ከ2.5 ሚሊዮን ዓመት በፊት ደጋችን ቀዝቅዞና ደርቆ እንደነበር አሳይተዋል። ለኔ ግን ትልቁ ሥራቸው ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ዶክተር መሐመድ ዑመር ጋር የሠሩት ነው። መሐመድ ዑመር ከኛው ሰዎች መካከል በዚህ ሙያ ስማቸውን የተከሉ ናቸው። ሁለቱ በአርሲ ተራሮች፣ 3600 ሜትር ገደማ ላይ፣ ደጋ ሳላ ከሚባለው ረግረግ ያወጡትን ፒት አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1994 አሳተሙት። ያለፉትን 3000 ዓመታት ይሸፍናል።

አስቡት እስቲ። 3000 ዓመት ማለት ከአክሱም በፊት ነው። ስለ አርሲ ደጋ ከዚያ ዘመን አንድ መስመር ጽሑፍ የለንም። ዜና መዋዕሎቹ የንጉሡን ዘመቻ ተከትለው ነው የሚሄዱት፤ ጦር ያልደረሰበትን ተራራ አይጽፉም። ደጋ ሳላ ያለው ጨፌ ግን ማንም ሳያዝዘው በየዓመቱ ሲጽፍ ኖሯል። የሐሳቡ ቀልብ የሚገኘው በቦታው ምርጫ ላይ ነው። ረግረጉ ያለው አስታው በሚያበቃበትና ክፍቱ ደጋ በሚጀምርበት አካባቢ ነው። አየሩ ሲሞቅ ደኑና አስታው ሽቅብ ይወጣሉ፣ ብናኛቸው ይበዛል፤ ሲቀዘቅዝ ቁልቁል ይወርዳሉ፣ ብናኛቸው ይቀንሳል። ቴርሞሜትር ተራራው ላይ የተተከለ ያህል ነው። ባለፉት 3000 ዓመታት ውስጥ ያ ቴርሞሜትር ሲወጣና ሲወርድ ነበር፤ ሙቀቱም ዝናቡም አንድ ላይ ረግቶ የቆመበት ረጅም ዘመን የለም።

ባሌም ላይ እንዲሁ ተሠርቷል። ታምሳ ከሚባል የፒት ጨፌ የተገኘውን ውጤት ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ1998 አወጡት። መሐመድ ዑመርና ሌሎች ባልደረቦቻቸው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 የጋርባ ጉራቻን አሳተሙ፤ በኦሮምኛ «ጥቁሩ ሐይቅ» ማለት ነው፣ 3950 ሜትር ላይ ያለ። ከሐይቁ ሥር የወጣው ደለል ከበረዶው መቅለጥ፣ ከ16 ሺህ ዓመት በፊት ጀምሮ ይዘልቃል። አስታው በደንብ የተስፋፋው የዛሬ 11 ሺህ ዓመት ገደማ ዝናቡ ሲመለስ ነው። ከዚያው ሐይቅ የወጣው የከሰል ብናኝ እ.ኤ.አ. በ2019 ሲጠና አስታው ለ14 ሺህ ዓመታት ከእሳት ጋር አብሮ እንደኖረ ተገኘ። እየነደደ፣ ከሥሩ እያቆጠቆጠ። «አስታ የሚያቃጥል እረኛ ሁሉ አገር አጥፊ ነው» የምንል ሰዎች እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት አለብን። እሳቱ ሳይሆን የእሳቱ ድግግሞሽ ነው ጥያቄው፤ ቶሎ ቶሎ ከነደደና ቡቃያውን ከብት ከበላው ሥሩም ይደክማል።

ዝናቡ ተመለሰ ስል ትንሽ ዝናብ እንዳይመስላችሁ። ከአሰላ ቁልቁል ዝዋይን ስታዩ፣ በዚያ ዘመን የምታዩት አንድ ባሕር ነበር። ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አቢጃታና ሻላ ተገናኝተው አንድ ሐይቅ ሆነው፣ ሞልተው ወደ አዋሽ ይፈሱ ነበር። የሻላ ውኃ ከዛሬው ከ100 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ። ግሮቭ፣ ስትሪትና ጉዲ የተባሉ እንግሊዛውያን እ.ኤ.አ. በ1975 ይህን ጽፈዋል፤ የድሮው ዳርቻ ዛሬም በገደሉ ላይ መስመር ሠርቶ ይታያል። ውኃው ከየት መጣ? አንደኛው ምንጭ ከኛው ነው፤ የካታር ወንዝ የባዳንና የጭላሎን ውኃ ሰብስቦ ዛሬም ዝዋይ ይገባል።

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ። አርሲ ላይ ያለው ማስረጃ ከፍ ካለ ቦታ ስለሆነ በብዛት የሚናገረው ስለ አየር ንብረት ነው። ስለ ደንና ስለ ሰው እጅ ይበልጥ የሚናገረው ወሎ ነው። ዳርቢሻየር፣ ላምና መሐመድ ዑመር እ.ኤ.አ. በ2003 የሐይቅንና የአርድቦን ሐይቆች ደለል አጥንተው ያገኙት እንዲህ ነው። የዝግባና የጥድ ደን የተመነጠረው የዛሬ መቶ ዓመት ሳይሆን ከክርስቶስ ልደት በፊት 500 ዓመት ገደማ ነው። ቦታውን ክትክታና ሣር ወረሰው፤ 1800 ዓመት ያህል እንደዚያው ቆየ። ከዚያ፣ እዚህ ላይ ልብ በሉ፣ ደኑ ተመለሰ! ከ1400 እስከ 1700 ባለው ጊዜ ጥድና ወይራ እንደገና ተስፋፋ። ከ1700 ወዲህ ደግሞ ተመልሶ ተመታ።

ስለዚህ፣ ልጄ፣ «ድሮ ሁሉም ደን ነበር፣ በአያቶቻችን ዘመን አለቀ» የሚለው ተረት ቢያንስ ለወሎ አይሠራም። የታሪክ ምሁሩ ጄምስ ማካንም እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣው ጽሑፍ ይህን የደን መራቆት ትረካ ከጽሑፍ ማስረጃ በኩል ተከራክሮበታል። ይሄ ማለት ደን አልጠፋም ማለት አይደለም። አርሲ ውስጥ በኔ ዕድሜ የጠፋውን በዓይኔ አይቻለሁ። ነገር ግን 40 በመቶ የምትለዋ ቁጥር አንድ ጥፋተኛ ትፈልጋለች፤ ሁልጊዜም የምታገኘው ገበሬውን ነው። ሐይቁ ሥር ያለው ደለል ግን አንዴ ሰው፣ አንዴ ዝናብ፣ አንዴ ሁለቱም ይላል። የተመነጠረ መሬት በጊዜው ጊዜ ደን ሆኖ እንደተመለሰም ይናገራል። ለችግኝ ተካይ ከዚህ የተሻለ ዜና የት ይገኛል?

ብናኝ ሁሉን አይናገርም፣ ያንንም ልንገራችሁ። የጤፍ ብናኝ ከሌላ ሣር ብናኝ አይለይም። ገብስ ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል ብናኙን ብዙም አይበትንም፤ ሙሉ ማሳ ጨፌው አጠገብ እያለ ጥቂት ፍሬ ብቻ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ እርሻ መቼ ተጀመረ የሚለውን በቀጥታ ከመቁጠር ይልቅ እንደ ቱልትና እንደ እምቧጮ ያሉ፣ ሰውና ከብት የረገጠውን መሬት የሚወዱ ተክሎች ሲበዙ አይቶ ነው የሚገመተው። ሌላው ደግሞ የጊዜው ጉዳይ ነው። አንዲት ሴንቲሜትር ፒት አሥርና ሃያ ዓመት ልትይዝ ትችላለች። ከ1888 እስከ 1892 የነበረውን ክፉ ቀን፣ ከብቱ አልቆ ሰው እንደ ቅጠል የረገፈበትን፣ በዚያች ሴንቲሜትር ውስጥ ብትፈልጉት አታገኙትም። እሱን የያዘው ዜና መዋዕሉና የአያቶቻችን አፍ ነው። ጨፌው የዘመኑን ፊት ያሳያል፤ የቀኑን ግን ሰው ነው የሚያስታውሰው።

አሁን የሚያሳስበኝን ልንገራችሁ። ገብሱ በየዓመቱ ሽቅብ እየወጣ ነው። ከተማሪ ጋር ስንወጣ አስታ የነበረው ቦታ ላይ ዛሬ ክምር ቆሟል። ይሄንን የሚያደርገው ሰው መሬት ስለጠበበው ነው፤ እኔ ከአስፋልት ዳር ሆኜ ልፈርድበት አልችልም። ችግሩ ጨፌው ላይ ነው። የጨፌ ዳር ቦይ ከተቀደደለት ውኃው ይሸሻል፣ አየር ይገባል፣ ለሺህ ዓመታት ሥራ ፈትተው የነበሩት ተዋሕስያን ሥራ ይጀምራሉ። ያ ሁሉ ንብርብር እየበሰበሰ ተራ አፈር ይሆናል። በከብት ኮቴ ከተቦካም ንብርብሩ ይደባለቃል፤ የአክሱም ዘመን ከዘንድሮ ጋር ይቀላቀላል። ከዚያ በኋላ የትኛውም አገር ቤተ ሙከራ ሊያነበው አይችልም። የብራና መጽሐፍ ቢቃጠል ሌላ ቅጂ ሊኖር ይችላል፤ የዚህ ግን ቅጂ የለውም። በዚያ ላይ ጨፌው ለካታር ስፖንጅ ነው። ክረምት የጠጣውን በበጋ ቀስ እያለ ይለቃል። ዝዋይ ዳር ያለው ሽንኩርትም አበባም፣ አቢጃታ እየሸሸች ያለችውም፣ ሁሉም ከዚህ ጋር ዝምድና አለው።

የአርሲ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ወረቀት ላይ አለ፤ መልካም ነው። አርሲ ዩኒቨርሲቲም አለን። ግን ከአርሲ ጨፌ አንዲት ሜትር ፒት አውጥቶ፣ እዚሁ አሰላ ውስጥ ብናኙን ቆጥሮ ለመመረቂያ የሚያቀርብ ልጅ ለማየት እጓጓለሁ። ዘንጉ ውድ አይደለም፤ ጎበዝ የብረት ሠራተኛ ሊሠራው ይችላል። አጉሊ መነጽሩም አለ። የጠፋው መቶ መቶ ፍሬ ቁጭ ብሎ የሚቆጥር ትዕግሥት ነው፤ እሱ ደግሞ በቆጂ ሲሮጥ የሚውል ልጅ ዘንድ በሽ ነው።

በሳጉሬ፣ በበቆጂ፣ በድገሉ በኩል ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ በዚህ በጋ ወደ ላይ የምትወጡ ካላችሁ ጨፌዎቹ በምን ሁኔታ ላይ እንዳሉ ፎቶ አንስታችሁ ከቦታው ስም ጋር ኮሜንት ላይ አስቀምጡልኝ። ቦይ የተቀደደበት ካለ ለብቻው ጻፉልኝ። ሽማግሌዎች ጨፌውን በኦሮምኛም ሆነ በአማርኛ የሚጠሩበትን የድሮ ስም የምታውቁም እንዲሁ፤ ስሞቹን በአንድ ደብተር እየሰበሰብኩ ነው፣ እስካሁን አሥራ አንድ ደርሰዋል። በጭላሎ በኩል የምትወጡ ዱላ ያዙ፣ መሃሉን አትርገጡ።